ንዝረቱን ማን ይቅመሰው?

ኒንከ ስትራመድ ጉልበቷን ከፍ እያደረገች ነው፤ ውኃ ውስጥ እንደሚሄድ ሽመላ። ስምንት ዓመቷ ነው። ሜዳ ላይ ትወድቃለች፣ ደረጃ ላይ ትወድቃለች፣ አንዴማ ወተት ልትቀዳ ማቀዝቀዣው ፊት ቆማ ሳለች ወደቀች። አታለቅስም። ተነስታ ቀሚሷን ታራግፍና "መሬቱ ነው የገፋኝ" ትላለች።

እናቷ ሬንስከ ስኔክ ከተማ ውስጥ ፀጉር ቤት አላት። ደንበኞቿ "ልጅ አይደለች እንዴ፣ ትወድቃለች፣ ትነሳለች" እያሉ ሲያጽናኗት ከረሙ። እሷም አምናቸው ነበር። የሰፈሩ ሐኪም የልጅቷን ጉልበት በትንሿ መዶሻ መታ መታ አድርገው እግሯ ንቅንቅ ሳይል ሲቀር ግን ፊታቸው ተለወጠ፤ በዚያው ሳምንት ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላኳቸው።

እዚያ የተቀበሏቸው የነርቭ ሐኪም ዶክተር ቴርፕስትራ ረጅም፣ ሽበታም ሴት ናቸው። ኒንከን በጣቷ፣ በተረከዟ አስኬዷት። በቤተሰብ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው እንዳለ ሲጠይቁ ሬንስከ "ማንም የለም" አለች።

"እንግዲህ ነርቮቿ መልእክት በምን ፍጥነት እንደሚያደርሱ መለካት እንችላለን" አሉ ዶክተሯ። "ቆዳዋን በትንሽ በትንሹ በኤሌክትሪክ እንነዝራለን። ከዚያ ምናልባት ቀጭን መርፌ ጡንቻዋ ውስጥ እናስገባለን።"

"ያማል?" አለች ኒንከ።

ሬንስከ "ምንም አይልሽም" ልትል አፏን ስትከፍት ዶክተሯ ቀደሟት። "አዎ፣ ያማል። ትንሽ ነው የሚሉ ልጆች አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም የማይሉኝም አሉ።"

"እኔ ከየትኞቹ ነኝ?"

"እሱን እኔም አላውቅም። ስለዚህ ዛሬ አንወስንም። ቤታችሁ ሄዳችሁ ተመካከሩ፤ አንቺም አብረሽ ተመካከሪ።"

እሑድ ምሳ ላይ ተመካከሩ፤ ምክክር ከተባለ። የሬንስከ ባል ሃርመን ከገበሬዎቹ ወተት የሚሰበስብ የቦቴ ሾፌር ነው፤ በሩን ዝቅ ብሎ የሚገባ ግዙፍ ሰው። ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"አይሆንም። ልጄን ማንም በኤሌክትሪክ አይነካትም!"

"ምን እንደሆነ ሳናውቅ ዝም ብለን እንቀመጥ ነው የምትለው?"

"እኔን ጠይቂኝ፣ የቀመስኩትን!"

ሬንስከ ይህን ሰምታ አታውቅም። ሃርመን በሰባት ዓመቱ ያንኑ ምርመራ ጀምሮ ነበር ለካ። ያኔ ማንም ያማል ብሎ አልነገረውም። ሁለት ሰዎች እጁን፣ ሁለት ሰዎች እግሩን ጨምድደው ያዙት፤ ቢጮህ የሚሰማው አጣ።

"እኔ ሰማሁ" አሉ አባቱ፣ ሽማግሌው ሲበ፣ የአተር ሾርባቸውን እየማጉ። ከቤቱ ፊት ያለውን ቦይ ተሻግረው ነው የሚኖሩት፤ እሑድ እሑድ ግን ከዚህ ገበታ አይጠፉም። "በሩን በርግጄ ገባሁና እንደ በግ ግልገል ብብቴ ስር ሸጉጬው ወጣሁ። አይስክሬም ገዛሁለት። እስከ ዛሬ አልተጸጸትኩም!"

"ግን አባባ፣ መጀመሪያውኑ ለምን ወሰዱት?" አለች ሬንስከ።

"ይወድቅ ነበራ! ምን አለበት ታዲያ፣ እኔም እወድቅ ነበር። አባቴም እንደ ዳክዬ ነበር የሚሄዱት። ይሄ በሽታ አይደለም፣ ልጄ፤ የእኛ ዘር አካሄድ ነው።"

ሬንስከ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ስር አጎነበሰች። የአማቷ እግር ከቤት ጫማው ወጥቶ ተዘርግቷል፤ ባቱ የቀጠነ፣ ጣቶቹ እንደ አሞራ ጥፍር የታጠፉ። የባሏ እግር ደግሞ ውስጡ እንደ ድልድይ የተቆለመመ ነው፤ ጫማ በገዙ ቁጥር ለምን እንደሚነታረኩ ያኔ ገባት። የኒንከ ትንንሽ እግሮች መሃላቸው ይወዛወዛሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የእነዚህን ሰዎች ካልሲ ስታጥብ አንድም ቀን አስተውላ አታውቅም።

"አንቺ፣ ምን ጠፋብሽ?" አለ ሃርመን።

"ምንም። አገኘሁት።"

በማግስቱ ወደ ዶክተር ቴርፕስትራ ደወለች። "በቤተሰቡ ማንም የለም ብዬዎት ነበር። ሁሉም ናቸው!" አለችና ያየችውን ዘርዝራ ነገረቻቸው። ዶክተሯ አዳምጠው ሲጨርሱ ድምፃቸው ፈካ። ጡንቻ የሚያጠነክረውን እንቅስቃሴና የቁርጭምጭሚት ድጋፉን ያለ ምርመራም ቢሆን መጀመር ይቻላል አሉ፤ የሕመሙን ስም ማወቁ ግን ይጠቅማል፣ ለነርቯ የማይስማሙ መድኃኒቶች አሉና። "ደግሞ የነርቩን ፍጥነት በአባቷ ላይ መለካት እንችላለን። ምን ዓይነት እንደሆነ በእሱ ካወቅን፣ ከኒንከ ጥቂት ደም ብቻ ይበቃናል።"

ማታ ሃርመን ቦቴውን አቁሞ ሲገባ ሬንስከ በሩ ላይ ጠበቀችው።

"የምሥራች! ኒንከ በኤሌክትሪክ አትመረመርም።"

"ተመስገን!"

"አንተ ነህ የምትመረመረው።"

ሃርመን ጃኬቱን እንደ ለበሰ ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ሥራ በዝቷል አለ። ወተቱ ይበላሻል አለ። ገበሬዎቹ ምን ይሉኛል አለ። ኒንከ ከሶፋው ጀርባ ብቅ ብላ ስታዳምጥ ቆየችና፣

"አባዬ፣ ፈራህ እንዴ?" አለች።

"እኔ? ማ፣ እኔ?" ሬንስከን አየ፤ ልጁን አየ። "አዎ። ፈርቻለሁ።"

"እኔም ፈርቼ ነበር። እጅህን ልያዝልህ?"

ሃርመን እጁን ዘረጋላት። ከዚያ በቀስታ "ጨምድደሽ ግን አትያዢኝ" አላት።

"ልቀቂኝ ስትለኝ እለቅሃለሁ። በቃኝ ካልክ ደግሞ እንወጣለን። አይስክሬም አለ።"

የቀጠሮው ዕለት ሲበም መጡ። ጥሪ አልደረሳቸውም፤ ኮፍያቸውን ደፍተው መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ነው የተገኙት። የምርመራው ክፍል ሲደርሱ በሩ አጠገብ እንደ ዘበኛ ቆሙ። መርማሪው ወጣት ልጅ እኚህን ሽማግሌ በጎን እያየ የሃርመን እግር ላይ ሽቦዎቹን ለጠፈ።

የመጀመሪያው ንዝረት ሲመጣ የሃርመን እግር ብቻውን ዘለለ። ሃርመንም ልጅ ፊት የማይባል ነገር ሊወጣው ሲል በመከራ ወደ "አንተ ዳክዬ!" ለወጠው። ኒንከ በሳቅ ፈረሰች።

"ምን ይመስላል?"

"የላሞቹን የኤሌክትሪክ አጥር የነካሁ ነው የሚመስለው።"

"ይሄን ነው እንዴ?" አሉ ሲበ ከበሩ። "እኔ በየሳምንቱ አይደል የምነካው!"

"ይምጡና ይተኙ ታዲያ፣ አባባ!"

"አይ፣ እኔ በር ነው የምጠብቀው።"

ንዝረቱ እየጠነከረ ሲሄድ ቀልዱ ቀነሰ። መርፌው ባቱ ውስጥ ሲገባ ሃርመን ላብ አጠመቀው፤ ድንገት ነፃ እጁን አነሳና "ቁም!" አለ። ወጣቱ ወዲያው ቆመ፤ መርፌውንም አወጣ። ሃርመን ራሱን ቀና አድርጎ ወጣቱን ትክ ብሎ አየው።

"ቆምክ" አለው።

"ቁም ስላሉኝ ነዋ።"

ሃርመን ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ሬንስከ አንገቷን አዞረች፤ እንባዋ መጥቶ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሃርመን ተመልሶ ጋደም አለ። "በል ቀጥል። አሁን እችለዋለሁ።"

ነርቮቹ ቀርፋፋ ሆነው ተገኙ። "ሌላው ሰው በስልክ የሚልከውን መልእክት እኔ በጀልባ ነው የምልከው" እያለ ለገበሬዎቹ ሁሉ ሲያወራ ሰነበተ። ቀጥሎ ከእሱም ከኒንከም ደም ተወሰደ። ኒንከ ለደሙ መርፌ ሆስፒታሉን በጩኸት አናወጠችው፤ ጥቂት ቆይታ ስለ ፕላስተሩ ቀለም ስትከራከር ግን ረስታዋለች።

ውጤቱም መጣ። ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ የነርቭ ሕመም ነው፤ ዕድሜ አያሳጥርም፣ እግርንና እጅን ግን ቀስ እያለ ያደክማል። የሚያድነው መድኃኒት ገና አልተገኘም። ሬንስከ የፀጉር ቤቷ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ስትወጣ ደግሞ ትከሻዋ ቀልሏት ነበር፤ የምትፈራው ነገር አሁን ስም አለው፣ ወሰንም አለው።

የከበዳቸው ሲበ ናቸው። እሑድ ሾርባቸውን ሳይነኩ "ከእኔ ነው እንግዲህ የወረሰችው" አሉ።

"ጆሮዬም እኮ ከእርስዎ ነው" አለች ኒንከ አፏን ሞልታ። "እሱ ሲሆን ግን ይኮሩበታል።"

ሽማግሌው ጆሯቸውን ዳሰሱ። ከዚያ ማንኪያቸውን አነሱ።

የቁርጭምጭሚት ድጋፍ የሚሠራላት ባለሙያ ዘንድ ሁሉም አብረው ሄዱ። ኒንከ ከሩቅ የሚጮህ ብርቱካናማ ቀለም መረጠች፤ ለሃርመን ጫማው ውስጥ የሚገባ ድጋፍ ታዘዘለት። ባለሙያው "ለእርስዎስ?" ብሎ ሲጠይቃቸው ሲበ "እኔ ለማየት ነው የመጣሁት" አሉ፤ ይህን ሲሉ ግን አንዱን ካልሲ አውልቀው ጨርሰዋል።

ሥራው አልቆ የተረከቡ ዕለት ከገበያው ትኩስ ጥብስ ዓሣ ገዙ። ዓሣውን የያዘችው ሬንስከ ነበረች። ሦስቱ በቦዩ ዳር ከፊቷ ይሄዳሉ፤ ኒንከ አንዴ ተደናቀፈች፣ አልወደቀችም። ሲበ በአዲሱ ጫማቸው ሊቀድሟት ሲሞክሩ ትጮህባቸዋለች፤ ሃርመን ከኋላ ሆኖ ሁለቱንም በጩኸት ያበረታታል።

"ኧረ ቀስ በሉ፣ እኔን ጠብቁኝ!" አለች ሬንስከ።

የጠበቃት የለም። ከከረጢቱ ትልቁን ቁራጭ መርጣ እዚያው እየሄደች መብላት ጀመረች።