ባዶ እጄን አልገባም

ሰውየው ከሹመቱ መነሳቱን የሰማው በሬዲዮ ነው። መኪና ውስጥ ሆኖ፣ ከሾፌሩ ጋር እኩል። ሾፌሩ ድምፁን ቀነሰው፤ ከዚያ ወዴት እንደሚነዳ ጠፋው። ሰውየውም ወዴት ንዳ እንደሚለው ጠፋው። አይ ሹመት፤ ስትመጣ በእልልታ ትመጣለች፣ ስትሄድ ደህና ዋሉ እንኳ አትልም።

«ዳቦ ቤት ውሰደኝ» አለው በመጨረሻ።

ዳቦ ቤቱ የአባቱ ነበር። አባትየው ሸክላውን በገዛ እጁ ደርድሮ የሠራው፣ ጣሪያው የጎበጠ ትልቅ ምድጃ ነበረው። «ምድጃ እንደ በሽተኛ ነው» ይላቸው ነበር ሁለቱን ወንዶች ልጆቹን። «አንዴ ከበረደ ሳምንት ሙሉ በጭላንጭል እሳት ማባበል ነው። አስቸኩላችሁ ብታነዱበት አናታችሁ ላይ ነው የሚወርደው።» ስለዚህ ምድጃው ጠፍቶ አያውቅም። ልጆቹ ያደጉት ከምድጃው ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ሁልጊዜ በሚሞቀው ግድግዳ ጥግ እየተኙ ነው።

ታላቅየው አፍ ነበረው፤ ታናሽየው እጅ። ታናሹ ይጋግራል፣ ታላቁ ይሸጣል። ሆስፒታሉ የነሱን ዳቦ ካልሆነ አለ፤ ትምህርት ቤቶቹ ተከተሉ፤ አንዱ ዳቦ ቤት ሌላውን ወለደ። ታላቁ የነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሆነ፤ ቀጥሎ መንግሥት ጠራውና የንግድ ሚኒስትር ሆነ። ሹመት ያዳብር ተባለ። ያን ቀን ታናሹ በዱቄት እጁ «ጋሼ፣ አደራህን፣ እንዳትረሳን» ብሎ አቀፈው፤ አዲሱ ሱፍ ላይ ነጭ መዳፍ ታተመ። ሰውየው ሊያራግፈው አልፈለገም።

እውነቱን ለመናገር አልሰረቀም። ይህን ጠላቶቹም አይክዱትም። የሱ ጣጣ ሌላ ነበር፤ «ለወንድሙ አደላ» መባልን እንደ ሞት ይፈራ ነበር። ዱቄት ተወደደና አገሩ በዳቦ ሲያማርር፣ ለዳቦ ዋጋ ተመነለት። በዚያ ዋጋ ጋግሮ ማደር እንደማይቻል ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሊጥ ሲያቦካ ያደገ ሰው ነው እኮ። እያወቀ ፈረመ።

ታናሹ ቢሮው ድረስ መጣ። ዱቄት የለበሰ ጫማውን እያየ ተራ ጠበቀና ገባ። ክፍሉ ውስጥ ሹማምንት ተቀምጠዋል። ሰውየው ቀና አለና፦

«ጉዳይዎ ምንድን ነው?» አለው።

ታናሹ ዞር አለ፤ ከኋላው ሌላ ሰው የገባ መስሎት። ማንም የለም። ያኔ ገባው።

«ክቡር ሚኒስትር፣ በዚህ ዋጋ የሚጋገርበትን ዘዴ እንዲያሳዩን ነበር።»

«መመሪያው ለሁሉም እኩል ነው።»

እጅ ነስቶ ወጣ። በዚያው ሳምንት ምድጃውን አጠፋው። ሰፈሩ «የማን ቤት ፈርሶ የማን ሊበጅ» እያለ ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ ለቅሶ ቤት ሲገናኙ እንኳ ታናሹ «ክቡር ሚኒስትር» ነው የሚለው። ጋሼ የምትለዋ ቃል እንደ ምድጃው ቀረች፤ ሰውየው በየስብሰባው ስንት ማዕረግ ሲደረደርለት የናፈቀው ግን እሷን ብቻ ነበር።

አሁን የዳቦ ቤቱን በር የከፈተችለት የወንድሙ ሚስት ናት። «ተኝቷል» አለች። ልቡ ነው፤ ሐኪሞቹ እቤቱ ይሁን ብለው መልሰውታል። እቤቱ ይሁን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ታናሹ በዚያችው ክፍል፣ በምድጃው ግድግዳ ጥግ ተጋድሟል። አጥንቱ ወጥቷል።

«እንደምን ዋሉ፣ ክቡር ሚኒስትር።»

«ተሻርኩ እኮ።»

ታናሹ ፈገግ አለ። «እንግዲያ ምን ልበልዎት?»

ጋሼ በለኝ ሊል አፉ ላይ መጣና ዋጠው። በየትኛው ፊቱ? ታናሹ መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጠፈና «በረደ» አለ። «ልጆች ሆነን ብርድ ልብስ እንኳ አንፈልግም ነበር።»

ያለው ይህን ብቻ ነው። ሰውየው ግን ከዚህ ውስጥ ሥራ አወጣ። ምድጃውን አነዳለታለሁ፤ የመጀመሪያውን ዳቦ በእጄ ይዤለት እገባለሁ፤ ያኔ ጋሼ ይለኛል። ኮቱን አውልቆ የሸረሪት ድር ጠረገ፣ እንጨት ፈለጠ፣ እንደ አባቱ ወግ ጭላንጭል እሳት ለኮሰ።

የወንድሙ ሚስት ብቅ አለች። «ይጠራዎታል።»

«እሳቱን ለማን ትቼ? መጣሁ በይው።»

በማግስቱም መጣች። «ምድጃው ይቅርብኝ፣ እሱ መጥቶ አጠገቤ ይቀመጥ ነው የሚለው።»

«ባዶ እጄን አልገባም» አላት። «ስንት ዓመት ባዶ እጄን አይቶኛል።»

ምስኪን። ገዝቷል፣ ሸጧል፣ አገር አስተዳድሯል፤ ከሰው አጠገብ ዝም ብሎ መቀመጥ ግን አያውቅም። ምንም ሳይዝ ቢገባ የሚያባርሩት ይመስለዋል።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ መጣ። ሲወጣ በምድጃው በኩል አለፈ፤ ሰውየው በዓይኑ ጠየቀው፤ ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። እዚህ ላይ የአባቱ ልጅነት አለቀና ሚኒስትሩ ተመለሰ፤ ዛሬውኑ ይድረስ ማለት የለመደው ሰውዬ። ጠዋት ያቦካው ሊጥ ኩፍ ብሏል። እንጨቱን በእቅፍ በእቅፍ አጎረሰው። የአባቱ ድምፅ ጆሮው ላይ ነበር፤ ሰምቶታል፤ ግን ሳምንት ከየት ይምጣ? ቢያዘገይ ወንድሙ አይደርስም፤ ቢያስቸኩል ምድጃው አይችልም። እሳቱ ተንቦገቦገ። ሸክላው ሲሞቅ የዱሮው ሽታ መጣ፤ ሰውየው ደስ አለው፤ ላቡን እየጠረገ የሊጡን ሰሌዳ አነሳ።

መጀመሪያ ቀጭን ስንጥቅ ነበር። ከዚያ የምድጃው ጣሪያ መሃሉ ላይ ጎደጎደና ወረደ። ቤቱ ተንቀጠቀጠ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ለሱ የሚለቀምም አልተረፈለትም። ሊጡ በአመድ ተለወሰ፤ የአባቱ ሸክላ እግሩ ሥር ይጨሳል።

የሚይዘው ስለሌለ ያኔ ገባ። ባዶ እጁን፣ ፊቱ አመድ ለብሶ።

የወንድሙ ሚስት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ የታናሹን ዓይን ከድና ጨርሳለች። የታናሹ መዳፍ ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ነበር። ሰውየው የራሱን መዳፍ አጠገቡ አሳረፈ። ግድግዳው ሞቋል።

«ሲወድቅ ሰማው?»

«አልሰማም። ቀድሞ ሄደ።»

እግዜር ይመስገን ሊል ሲል ሴትየዋ ቀደመችው።

«ሲጠራዎት ነበር» አለች።

«ምን ብሎ?»

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችው። ሊጠይቃት የሚችለው ይህን ብቻ መሆኑ የገረማት ይመስላል።

«ጋሼ ብሎ ነዋ። ከመጡበት ቀን ጀምሮ እኮ ጋሼን ጥሪልኝ ነው የሚለኝ።»