አስቀያሚው ብር ያመረ ዕለት

ሰው የብር ሳንቲም የሚሰበስበው አምሮ እንዲታይለት ነው። ላይል ስትሮማየር ግን ከዚህ ወገን አይደለም። ዕድሜ ልኩን የዌስትፎል ከተማን ቧንቧ ሲጠግን ኖሮ በስድሳ አምስት ዓመቱ ጡረታ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራው መልኩ የከፋ ብር መሰብሰብ ሆነ። ብር ሲያረጅ ይወይባል። ዕድለኛው ሲወይብ ዳር ዳሩ ሰማያዊና ወርቃማ ይሆንና ሰው ይሻማበታል። ዕድለ ቢሱ ደግሞ ጭቃ ይመስላል፣ ሐሞት ይመስላል፣ የበሰበሰ ሙዝ ይመስላል፤ ዞር ብሎ የሚያየውም የለም። ላይል የሚፈልገው ይሄንኛውን ነው። ለምን ሲሉት፣ "እኔ ካልወሰድኩት ማን ይወስደዋል?" ይላል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ከልቡ ነው።

ሚስቱ በርናዲን ለምዳዋለች። "አርባ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር የመረጠው ነገር ሁሉ እንዲህ ነው" ትላለች። "ስለ እኔ ግን እንዳትጠይቁት።"

የዌስትፎል ሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ ከሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ይሰበሰባል። ሚያዝያ ላይ የአስቀያሚ ብር ውድድር አለ። ዋንጫው አንድ የከሰለ መጥበሻ ነው። አትሳቁ! ላይል አምስት ዓመት በተከታታይ ወስዶታል፤ ሳሎኑ ውስጥም ከልጆቹ የምረቃ ፎቶ በላይ ይሰቅለዋል። ያሸነፈበት ደግሞ አንዲት ሴትዮ ወደ ፀሐይ ስትራመድ የተቀረጸችበት የድሮ የአሜሪካ ግማሽ ዶላር ነው፤ ከብር የተሠራ። የሱ ሴትዮ ግን ወደ ፀሐይ የምትራመድ ሳይሆን ከረግረግ የወጣች ትመስል ነበር። የብሩን መልክ አይቶ "ጉበት" ብሎ ስም አወጣለት።

ውድድሩ አንድ ደንብ አለው፤ የጻፈውም ራሱ ላይል ነው። ብሩ በራሱ ጊዜ የከፋ መሆን አለበት። አሸናፊው መጥበሻውን ከመቀበሉ በፊት እጁን አንስቶ "ጊዜ ነው እንጂ እጄ የለበትም" ብሎ ይምላል። ሰው ሠራሽ ክፋት የተገኘበት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አይወዳደርም።

ታዲያ ባለፈው በጋ ላይል ጥጋብ ያዘው። ጉበት ትንሽ ቢብስበት ጥሩ ነው ብሎ አሮጌ የካርቶን አልበም ውስጥ ከተተውና ከቤቱ ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው በላይ ካለው መደርደሪያ አስቀመጠው። ካርቶን ብር እንደሚያጠቁር ሰብሳቢ ሁሉ ያውቃል። "ማስቀመጥ መነካካት አይደለም" አለ ለራሱ፤ ይህችን ማመካኛ የማያውቃት ሰብሳቢም የለም። ለውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አልበሙን ከፈተና የቤቱ መስኮት እስኪንቀጠቀጥ ጮኸ።

በርናዲን እጇን ሳታደርቅ ሮጣ ወረደች። "ምን ሆንክ? ልብህ ነው?"

"ጉበት ነው!"

ጠጋ ብላ አየችው። ጭቃው ቀርቷል። ሴትዮዋ ከግር እስከ ራሷ ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ወርቃማ ለብሳ ታበራለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው።

"ውይ፣ እንዴት ያምራል!" አለች በርናዲን፣ አምልጧት።

"ዝም በይ!"

ይባስ ብሎ ጎረቤታቸው ዌንዴል ክራንትዝ ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። ዌንዴል የሚነግደው በሚያማምር ብር ብቻ ነው፤ አጉሊ መነጽሩ ካንገቱ አይወርድም። ብሩን አንዴ አየና ትንፋሹ ቆመ።

"ላይል፣ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ! የጠየቅከኝን እሰጥሃለሁ።"

"ውጣልኝ።"

"ሃያ ዓመት እንዲህ ያለ አላየሁም እኮ! ልንካው ብቻ።"

"ውጣልኝ አልኩህ! ትናንት ስታየው ያስመልስህ የነበረውን ዛሬ ልትስመው ነው?"

ዌንዴል ወጣ፤ ግን ዝም አላለም። በማግስቱ የላይል ስልክ አላርፍ አለ። ሁሉም ልየው፣ ሁሉም ልግዛው ይላል። ላይል ከፋው። ያ ብር የሱ የነበረው ማንም ስላልፈለገው ነበር፤ አሁን የሁሉም ሆነ። መጥበሻውም አብሮ ሊሄድ ነው። ግድግዳው ላይ መጥበሻው የተንጠለጠለባትን ምስማር እያየ እንደ ልጅ ሆድ ባሰው።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። አንድ ከሰዓት በርናዲን ገበያ እንደወጣች ላይል ሦስት እንቁላል አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀቀለ። ነጩን ቆሞ በላው፣ ማስረጃ ማጥፋቱ መሆኑ ነው። አስኳሉን ላስቲክ ውስጥ ፈርፍሮ ጉበትን መሀሉ ቀበረና ከውኃ ማሞቂያው ጀርባ ሸጎጠው። የእንቁላል ድኝ ብር ያጠቁራል፤ ለሰብሳቢ ግን ከዚህ የከፋ ኃጢአት የለም። ይህን የሚያደርግ ሰው ስሙ በማኅበሩ ሲነሳ ሴቶቹ እንኳ ፊታቸውን ያዞራሉ።

በአምስተኛው ቀን ብሩ ወጣ። ኧረ የሱን መልክስ እግዜር አያሳያችሁ! አረንጓዴው ከጥቁሩ ተለውሷል፤ የሴትዮዋ ፊት ያበጠ ድድ መስሏል። ላይል ደስ አለው፣ ወዲያውም አፈረ፣ ከዚያ እንደገና ደስ አለው።

"ላይል!" አለች በርናዲን ከደረጃው አናት አፍንጫዋን ይዛ። "እዚያ ታች ምንድን ነው የሞተው?"

ሳያስቀር ነገራት። እሷ መጀመሪያ ሳቀች፣ ፊቱን ስታይ ግን አቆመች።

"ታዲያ ይቅርብሃ፤ አትወዳደር።"

"ምስማሯን ባዶ ሆና ማየት አልችልም፣ በርኒ።"

"መሐላውስ?"

"እ... ቶሎ እለዋለሁ።"

የውድድሩ ዕለት፣ ማክሰኞ ማታ፣ በርናዲን ከቤት ስትወጣ ሁለት ደርዘን እንቁላል የገባበት ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ሰላጣ ታቅፋ ነበር።

ዳኛዋ ኦፓል ዲትዝ ናት፤ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። ዓይኗ ደክሟል፣ አፍንጫዋ ግን አልደከመም፤ እያንዳንዱን ብር ሳታሸት አትፈርድም። ሌሎቹ ያመጡት ምንም አይልም ነበር። የጎማ ላስቲክ ጥቁር መስመር ያሰመረበት አለ፣ የሲጋራ ጭስ ያጠቆረው አለ። ጉበት ሲወጣ ግን ምድር ቤቱ በአንድ አፍ "ኡፍ!" አለ። አንዲት ሴትዮ ብስኩቷን መልሳ አስቀመጠች።

ኦፓል ብሩን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና ቆመች። "እንቁላል ሸተተኝ።"

"ሰላጣዬ ነው፣ ኦፓል!" አለች በርናዲን ማንኪያዋን አንስታ። "ልጨምርልሽ እንዴ?"

"ጨምሪልኝ። ሰናፍጩ ጥሩ ነው።" ኦፓል ሌላ ሙሉ ሳህን በላች፣ አፏን ጠረገችና ፈረደች። "ላይል ስትሮማየር። ስድስተኛ ዓመቱ።"

ጭብጨባው ቀለጠ። ላይል መጥበሻው ፊት ቆመና እጁን አነሳ። ቶሎ ሊለው ነበር፣ እንዳሰበው። "ጊዜ ነው እንጂ..." አለና ዓይኑ በርናዲን ላይ አረፈ። በርናዲን ማንኪያዋን ደረቷ ላይ ይዛ ጣራውን ታያለች። ጣራው እኮ የቤተ ክርስቲያኑ ወለል ነው። እዚያ ላይ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ያገባት ሴት፣ ስትዋሽ ጆሮዋ የሚቀላ ሴት፣ ለሱ ስትል ሃያ አራት እንቁላል ልጣለች።

"ሦስት እንቁላል" አለ ላይል። "አሥራ ሁለት ደቂቃ የተቀቀለ።"

ዌንዴል ጭንቅላቱን ያዘ። "ያን ቆንጆ ብር? በእንቁላል? አረመኔ!"

ኦፓል ደንቡን ከኪሷ አውጥታ አነበበች፤ ፊርማው የላይል ነው። ከእንግዲህ አይወዳደርም። ብሩም ይወረሳል። ኦፓል ከቁም ሳጥኑ ግራጫ የቆርቆሮ ሣጥን አመጣችና፣ "ክተተው" አለችው።

ላይል ክዳኑን ከፈተ። ማኅበሩ በሠላሳ ዓመት ውስጥ በሰው እጅ ተነካክቶ አግኝቶ የወረሰው ብር ሁሉ እዚያ ነው። ምድጃ ውስጥ የተጠበሰ አለ፤ በጥርስ ሳሙና ተፈትጎ ሴትዮዋ አፍንጫ ያጣችበት አለ፤ አንዱ በጫማ ቀለም ተቀብቶ አሁንም እጅ ያቆሽሻል። አንዱንም ሰው የሚል ስም ያለው ገዝቶ አይወስደውም። ላይል ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

"ኦፓል፣ እነዚህ የማን ናቸው?"

"የማንም። ለጀማሪ ማሳያ ነበሩ፤ ጀማሪ ከመጣልን ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ልንጥላቸው ነው።"

"ልትጥሏቸው?" ሣጥኑን በሁለት እጁ ያዘ። "ኧረ ለኔ ስጡኝ!"

ድምፅ ተሰጠ፤ እጅ ያላነሳ የለም። ዌንዴልማ ሁለቱንም አነሳ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ቀስ ብሎ ወደ ሣጥኑ ተጠጋ።

"ያቺ ጥግ ላይ ያለችው የኔ ናት" አለ ማንንም ሳያይ። "በወጣትነቴ... እንድታምርልኝ ብዬ ድንች ውስጥ ጋገርኳት። አብራ ትሂድልኝ።"

ላይል ብሯን አንስቶ ወደ መብራቱ ያዛት። እንደ ማለዳ ሰማይ ሆናለች፤ ዳሯ ሁሉ ወርቅ ነው። ገለባበጣት፣ አዘነላት፣ ከዚያ ዌንዴል መዳፍ ላይ መልሶ አስቀመጣት።

"ይቺን አልፈልግም" አለው። "ቆንጆ ናት።"