የታጠበው ጨርቅ

ሰውዬውን «ወንፊት» ይሉታል። ሥራው ድንጋይ መፍጨት፣ ዱቄቱን መንፋት፣ ማጠብና ዚርኮን የምትባለውን ፍሬ መልቀም ነው። ፍሬዋ ከጨው ቅንጣት ታንሳለች። በሆዷ ያለው ዩራኒየም ዘመን በገፋ ቁጥር ጥቂት በጥቂት እርሳስ ወደሚባለው ብረት ይለወጣል፤ ፎቅ ላይ ያሉት ምሁራን ሁለቱን ለክተው ዕድሜዋን ይናገራሉ። ሚስቱ ግን ለጎረቤት ስታስረዳ፣ «እኔ ከምስር ውስጥ ጠጠር እለቅማለሁ፤ እሱ ከጠጠር ውስጥ ምስር ይለቅማል» ትላለች።

ሃያ ስድስት ዓመት ለቀመ። «እጁ ንጹሕ ነው» ተባለ። ከዚህ ሌላ ያፈራው ሀብት የለም።

አንድ ቀን ጠዋት ከፎቅ ጭብጨባ ሰምቶ ወጣ። ወጣቷ ዶክተር በሩ ላይ ተቀበለችው።

«ጋሼ፣ ይምጡ! የአሸዋ ድንጋዬ ዕድሜ ታወቀ። ሁሉም ስድስት መቶ ሚሊዮን ዓመት ነው ሲሉት ኖሩ፤ ከዘጠና ሚሊዮን አይበልጥም! ሦስት ልጅ እግር ፍሬዎች ተገኙበት።»

«ሦስት ብቻ?»

«ቤት ከተሠራበት ጡብ አይቀድምም፣ ጋሼ። ድንጋዩም በውስጡ ካሉት ከታናሿ ፍሬ አያረጅም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጽሑፌን ለመጽሔት እልካለሁ።»

የፍሬዎቹ ፎቶ ስክሪኑ ላይ ጎልቷል። ሌሎቹን ፍሬዎች ወንዝ ሲያንከባልላቸው ኖሮ እንደ እንቁላል ድቡልቡል አድርጓቸዋል። ሦስቱ ግን እንደ መርፌ የሾሉ ናቸው። ሲለቅማቸው ገርመውት ነበር፤ ለቃሚ ግን አይመርጥም፣ ያገኘውን ያነሣል። አሁን ጎልተው ሲያያቸው አወቃቸው። ከዚህኛው ቀድሞ ከፈጨው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የወጡት ሁሉ እንዲህ ነበሩ።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለ።

በመፍጫ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ትእዛዝ ተለጥፏል፤ ለአንድ ድንጋይ አንድ ጨርቅ ይላል። ዱቄቱ የሚነፋበት የናይለን ጨርቅ አንዴ ካገለገለ ይጣላል። ሰውዬው ግን ዕቃ መጣል አይሆንለትም። ጨርቁን በሳሙና አሽቶ፣ አራግፎ፣ አስጥቶ ለሚቀጥለው ድንጋይ ይዘረጋዋል። ማንም አላየውም። የአንዱን ድንጋይ ፍሬ ከሌላው የደባለቀ ሰው ከክፍሉ እንደሚባረር ግን ያውቃል።

ለምሳ ቤቱ ሄደ። ተቀመጠ፣ ተነሣ። መስኮት ከፈተ፣ ዘጋ።

«አንተ ሰው፣ ወንበሩ እሾህ አበቀለ እንዴ?» አለች ሚስቱ።

ነገራት።

«ማን አየህ?»

«ማንም።»

«እንግዲያ ዝም በላ። ድንጋይ አፍ የለው።»

«አፍ ባይኖረው ምን በልተን እናድር ነበር? እስከ ዛሬ ያበላን እሱ እየተናገረ ነው።»

«ቢያባርሩህስ? እቤት ውለህ እኔን ልትለቅመኝ ነው?»

አልሳቀም። የቀረበለትን ሳይነካ ወጣ።

መንገድ ላይ ሲፈጥን ሲዘገይ ሄደ። ምናልባት ሦስቱን መርፌ ወንዝ አምጥቷቸው ይሆናል አለ። ወዲያው ደግሞ፣ የትኛው ወንዝ ነው መርፌ ሳያዶለዱም የሚያመጣው አለ። ክፍሉ እንደገባ ጨርቁን ከገመዱ ላይ አውርዶ ማጉያ መነጽሩ ሥር ዘረጋው። በክሮቹ መካከል አራት መርፌ ተሰክቷል። ጨርቁን እንደ ልማዱ በሳሙና አጠበው፣ አራገፈው፣ መልሶ አየው። ከአራቱ ሦስቱ ከክሩ አልተነቃነቁም።

«እናንተ ርጉሞች» አላቸው።

ደረጃውን ሲወጣ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነበር።

«ዶክተር፣ አትላኪው።»

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«መርፌዎቹ ያንቺ ድንጋይ አይደሉም። ከኔ ጨርቅ የወጡ ናቸው።»

ሁሉንም ነገራት። ተነሣች፤ ተመልሳ ተቀመጠች።

«በዛሬ ቀን ይቀልዱብኛል?»

«ቀልድ ባደረገልኝ።»

ብትሰድበው ይቀለው ነበር። እሷ ግን ያላሰበውን ጠየቀችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያጥቡት?»

ቀኑን ሙሉ ሲንቆራጠጥ የዋለው ስለ አንድ ድንጋይ ነው። ስለሌሎቹ አንዴም አልመጣበትም። የወንበሩን መደገፊያ ያዘ።

«አራት ዓመት ይሆነዋል።»

«አራት ዓመት!» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «በአራት ዓመት ስንት ድንጋይ?»

ከኪሱ ደብተሩን አወጣ። የፈጨውን ሁሉ በተራ ይጽፋል። የክፍሉንም ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ቁልፉን እኔ አልቀበልም። ዛሬውኑ ለአለቃ ይሰጡታል።»

«አውቃለሁ።»

«ክፍሉ አይመለስልዎትም፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።»

ጽሑፏን ዘጋችና ባዶ ወረቀት ሳበች። «በታጠበ ጨርቅ የተነፋውን ሁሉ ይንገሩኝ። ቁጥሩንና ባለቤቱን።»

ጣቱን በምራቁ እያራሰ ገለጠ። ቁጥር ጠራ፣ ባለቤት ጠራ። እሷ ጻፈች። ድምፁ ይቸኩላል፤ እግሩ ወለሉን ይደበድባል። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«የማን ነው?»

«የአለቃችን። ዕድሜው ታውቆ አለቃ ያሰኘው ድንጋይ።»

እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አነሣች። ወደ በሩ አየች። በኮሪደሩ የአንድ ሰው ጫማ ቀጭ ቀጭ እያለ መጣ፣ አለፈ።

«ቁጥሩን» አለች።

ነገራት። ጻፈችው።