ይቅር የተባለች ልጅ

ድንጋዩን የመረጠው አባቷ ቢሆነኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ለወጉ ያህል ከደጃፍ ትንሽ ድንጋይ ቢያነሡ፣ ቢሆነኝ «ይቺማ ለሕፃን ናት» አለና ከአጥሩ ካብ ትልቁን ፈልፍሎ አመጣ። ሥርጉት ጎንበስ ብላ ተሸከመችው።

ጥፋቷ በአሥራ አራት ዓመቷ ከቤት መጥፋቷ ነው። ለምን እንደ ጠፋች ሰፈሩ ያውቃል፤ ቀበቶው ሲያርፍባት ጩኸቷ እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር። ቢሆንም ይቅርታ የሚጠይቅ ልጅ ነው፤ አባት ለልጁ ድንጋይ ሲሸከም በቢቸና ታይቶ አይታወቅም። ሥርጉትም አልተከራከረችም። ከሞጣ የመጣችው እሷ ከጠፋች በኋላ የተወለደችውን እኅቷን ሃናን ይዛ ለመሄድ ነው። አንዲት ጎረቤት ደውላ «ያቺን ልጅ ውሰጃት፤ እንዳንቺ መጮህ እንኳ አታውቅበትም» ብላታለች። ቢሆነኝ ደግሞ «ሳትታረቀኝ ልጂቱን አትወስዳትም» ብሏል።

እናቷ ፈንታነሽ ድንጋዩን ስታይ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ወጣች። ድሮም እንዲሁ ናት፤ ቀበቶው ከምስማሩ ሲወርድ ውኃ ያልቅባታል። ጉድ እኮ ነው፣ ጀሪካኑ ሙሉም ቢሆን ትወጣለች።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች ሥርጉት። በምትሠራበት መድኃኒት ቤት ኪኒን በቀን ስንቴ እንደሚዋጥ የምትናገርበት ድምፅ ነበር።

ቢሆነኝ ሽማግሌዎቹን በየተራ አያቸው። ሰው ሁሉ አፉን ሲጠብቅ ደስ አለው።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ።»

«አዎ።»

«ምን አጎደልሁብሽ?»

ድንጋዩ እንዳይንሸራተት ትከሻዋን አስተካከለች። እጠላው ይሆን ብላ ውስጧን ብትፈትሽ ጥላቻውንም አጣችው። ጥርስ ሊነቀል መርፌ እንደ ተወጋ ድድ ደንዝዛለች።

«ምንም አላጎደሉብኝም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ መሪጌታ አካለ ወልድ፣ መሬት መሬት እያዩ «በል እንጂ ቢሆነኝ፣ ስለ እመብርሃን!» አሉ።

«እሺ፣ ለእግዜር ስል ይቅር ብያታለሁ።»

ድንጋዩን አወረዱላት። ጉልበቱን ሳመች፤ ሽማግሌዎቹ ተመስገን አሉና መረቁ። መሪጌታ ግን ሲመርቁም ቀና ብለው አላዩዋትም።

ሃና ልብሷን በፌስታል ይዛ ከጓዳ ወጣች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ለዕድሜዋ ታንሳለች። አላለቀሰችም፤ እናቷ ከውኃው እስክትመለስ እንጠብቅም አላለችም።

ወደ ሞጣ የሚወስዳቸው ሚኒባስ ደብረ ወርቅ ላይ ቆመ። ሥርጉት ዳቦ ገዝታ ሰጠቻት፤ ልጅቱ ግማሹን በልታ ግማሹን ፌስታሏ ውስጥ፣ ከልብሷ ሥር ሸሸገችው። ቆይታ ቆይታ፣ ሌላ ተሳፋሪ እንዳይሰማ ጠጋ አለች።

«እትዬ፣ አንቺ ቤት የሚመታው ማነው?»

«ማንም የለም። ብቻዬን ነው የምኖረው።»

ሃና አሰበች። ዓይኗ ከሥርጉት ፊት ወርዶ እጇ ላይ ዐረፈ።

«እንግዲያ አንቺ ነሻ» አለች።

ክፋት አልነበረባትም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። ሥርጉት «አይደለሁም» ልትል አፏን ከፈተች። ልጅ አሳድጋ አታውቅም፤ በእጅ ሌላ ምን እንደሚደረግ ያሳያት ሰውም የለም። ከጧት ጀምሮ ያልመጣው ፍርሃት አሁን መጣባትና እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ልጅቱ እጆቹ የገቡበትን ቦታ ትመለከት ነበር።