የአብዱረዛቅ ጉሮሮ

አብዱረዛቅ ዓለም ገና ላይ ጨርቅ ይሸጣል፤ ሰው የሚያውቀው ግን በአፉ ነው። ሠርግ ላይ ማይክ ከያዘ የማንንም ሹም ድምፅ ቁርጥ አድርጎ ያወጣዋል።

ያን ሰሞን አንድ ሹም ስብሰባ ጠርቶ፣ «በሰው ሠራሽ አስተውሎት ድህነትን ታሪክ እናደርጋለን» ብሎ ሲያስጨበጭብ ዋለ። አብዱረዛቅም ምን እንደነካው እንጃ፣ በዚያው በሹሙ ድምፅ «ከእንግዲህ ጤፉን ማሽን ያርመዋል፤ የእናንተ ሥራ ማጨብጨብ ነው» ብሎ ቀርጾ የእድሩ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ለሳቅ ነበር። ሲመሽ ጎረቤት ከተሞች ተፍኪና ተጂ ደረሰ።

ሹሙ አልሳቀም። በማግስቱ በድምፅ ማጉያ፣ «ይህ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተቀነባበረ የጠላት ሥራ ነው። ሠሪውን በራሱ በቴክኖሎጂው እንይዘዋለን» አለ። አብዱረዛቅ ስልኩን አጥፍቶ ጨርቅ ሥር ሸጎጠው። ማሽኑ ድምፁን እንዳይሰማበት ፈርቶ ለደንበኛ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይመልስ ጀመር። እድርተኛው ሁሉ ያውቃል፤ ትንፍሽ ያለ ግን የለም።

ከሰዓት በኋላ ፖሊስ መጣ። የገባው ግን ጎረቤቱ ዳዊት ጋ ነው። ዳዊት ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ ስልክ ይጠግናል። በዚያ መስመር ኮምፒውተር ያለው እሱ ብቻ ነው፤ በቃ፣ ጥፋቱ ይኸው።

«ጋሼ፣ ሱቄን እይልኝ» አለው አብዱረዛቅን፣ ሲወስዱት።

አብዱረዛቅ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረና ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። መርማሪው ደገፋ ወንበር ሰጠው።

«ምን ልታዘዝ፣ ኦቦ አብዱረዛቅ?»

«ያን ድምፅ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማሽን የሚባል ነገር የለበትም፤ በዚህ አፌ ነው።»

«እስቲ ያውጡት።»

አፉን ከፈተ። ያ ስንት ሠርግ ያደመቀ ጉሮሮ እንጨት ሆነ። ደግሞ ሞከረ፤ የወጣው የአንድ የፈራ ሽማግሌ ድምፅ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ዳዊት ሲያስል ይሰማዋል።

ደገፋ አዘነለት። «ለልጁ ብለው መምጣትዎ ገብቶኛል። ግን ክቡርነታቸው ማሽን ነው ብለው ለሕዝብ ተናግረዋል እኮ። እርስዎ ነዎት ብዬ ብጽፍ፣ እሳቸው ዋሹ ማለት አይሆንብኝም? ይሂዱ፣ ቤትዎ ይግቡ።»

ክንዱን ደግፎ እስከ በር ሸኘው።

አብዱረዛቅ አስፋልቱን እንደተሻገረ ጉሮሮው ተከፈተ። ቀስ ብሎ፣ ለራሱ ብቻ ሞከረው። ቁርጥ ሹሙ።

ዞሮ ጣቢያውን አየ። በሩ አልተዘጋም፤ ደገፋም እዚያው ቆሟል።

ባጃጅ አስቆመና ወደ ቤቱ ሄደ።