ከፊት ጥርሶቿ ጀርባ

ልጅቱን ቤት ውስጥ «ዳክዬ» ይሏታል። ምግብ በበላች ቁጥር መታጠቢያ ቤት ትገባና ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍታ ስትንቦራጨቅ ትቆያለች። እናቷም «ይቺ ልጅ ከውሃ ጋር ምን አላት እቴ!» እያለች ትስቃለች። መሳቋ ባለማወቋ ነው።

እናት የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ለኪ ናት። ከሰው አፍ በጄሶ የተቀዳውን የጥርስ ቅርጽ መሣሪያው ላይ ታስቀምጠዋለች። ሌዘሩ ቀጭን የብርሃን መስመር ይጥልበታል፤ መስመሩ በጥርሱ ጉብታና ስርጉድ ላይ ሲጣመም ካሜራው ያያል፣ ኮምፒውተሩ ይለካል። የዘንድሮው ካምናው ጋር ሲደረብ ያልተነካው አረንጓዴ፣ የተበላው ቀይ ሆኖ ይወጣል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሥራ ቀለል ሲልላት የገዛ ልጇን ቅርጽ አስቀመጠች። ማስተካከያ ሽቦው ከተፈታላት ወዲህ በየዓመቱ ትለካታለች፤ ለመኩራራት ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባቸው ቀይ ሆኖ መጣ።

«ኧረ ወዲያ! ይሄ ማሽን አብዷል።»

መሣሪያውን ልኩ በሚታወቅ የመፈተሻ ብረት ኳስ አስተካክላ ደግማ ለካች። ቀይ። ሦስተኛም ቀይ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ማሽንም ያው ነው። ብሩሽ ቢሆን የሚበላው ከፊት ነው፤ ማፋጨት ቢሆን ጫፉን ነው። ከጀርባ የሚበላውን ግን ሐኪሙ ባለፈው ወር ለአንዲት ታማሚ ሲነግራት ሰምታለች፦ «ይሄ የጨጓራ አሲድ ነው። በየቀኑ ታስመልሻለሽ አይደል?» ያቺ ታማሚ ሳምንት ሳይሞላት ልቧ ደክሞ ሆስፒታል ገባች።

ቧንቧው ትዝ አላት።

«ወይኔ ልጄ! እኔን ይድፋኝ!»

ለምሳ እየሮጠች ቤት ደረሰች። ልጅቱ ሳህኑን ጥርግ አድርጋ በላች፤ የእናቷን ጉንጭ ሳመችና «መጣሁ እማዬ» ብላ ገባች። ቁልፉ ቀጭ አለ፤ ውሃው ተለቀቀ።

እናት ልታንኳኳ እጇን አነሳችና መልሳ አወረደችው። ብትጮህ ልጅቱ ትክዳለች፤ ዝም ብትል ደግሞ እንደዚያች ታማሚ ትሆናለች። ምነው ተሳስቼ በሆነ አለች፤ በሥራዋ ስህተት ስትመኝ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ኮሪደሩ ጥግ ሄዳ የቤቱን ውሃ ከዋናው መዝጊያ ዘጋችው።

ውሃው ቆመ። ከበሩ ጀርባ የሚሰማው የማስመለስ ድምፅ ግን ወዲያው አልቆመም።

«እማዬ... ውሃ ጠፋ እንዴ?»

«እኔ ነኝ የዘጋሁት፣ የኔ እናት። አልቆጣም። ፈርቼ ነው።»

እናት በሩን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«እኔም» አለች ልጅቱ በቀጭን ድምፅ። ቁልፉ ቀጭ አለ።