የጥላዬ ፎቶ የት ይሰቀል?

«ባልሽ ሞቷል» ብሎ እቴነሽን የደፈራት የለም። የደፈረማ ጉዱ ፈላ! ባሏ ጥላዬ ወደ ሰሜን ዘምቶ፣ ጦሩ ሲበተን ደብዛው ከጠፋ ወዲህ መርዶ የሚነግር ሰው ደጇን አልረገጠም። ሳትረዳ ምን ብላ ታልቅስ? ማቅ አልለበሰችም፣ ፀጉሯን አልተላጨችም። ዘመዶቿ «ተዝካሩን እናውጣለት» ባሏት ቁጥር «በቁሙ ተዝካሩን ልትበሉ!» ብላ ታባርራቸዋለች።

በዚያ ማለዳ ደብረ ታቦርን ጉም ውጧታል። እቴነሽ የጥላዬን ፎቶ በጉያዋ ይዛ የዘማቾች ፎቶ ወደሚሰቀልበት የወታደሮች ሙዚየም ስትሄድ፣ ከጉሙ ብቅ የሚለው ወንድ ሁሉ እሱን ይመስላታል። አንዱ በትከሻው፣ ሌላው ባረማመዱ። ሲቀርቧት ሌላ ሰው ይሆናሉ። ለምዳዋለችና አልከፋትም።

የሙዚየሙ ጠባቂ ሃምሳ አለቃ ዓለምነው ራሳቸውም ዘማች ነበሩ።

«እትዬ፣ በቀኙ ግድግዳ በሕይወት ያለነው ነን፤ በግራው የተሠዉት። የት ልስቀልልዎ?»

«ይሄ ምን ይጠየቃል! በቀኝ ነዋ!»

ሃምሳ አለቃ አልተከራከሯትም። መዶሻቸውን አነሡና «ቦታውን ይምረጡለት» አሏት።

በቀኙ ግድግዳ ያሉት በአቅራቢያው ካሉት ከገሳይም ከሐሙሲትም የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም በቅርቡ የተነሡት ፎቶ ነው። አንዱ መላጣ፣ አንዱ ጥርሱ የረገፈ፣ አንዱ ከዘራውን የተደገፈ።

«እነዚህ ሁሉ ከጥላዬ ጋር የሄዱ ናቸው?»

«አብረን ነው የሄድን፣ እትዬ። እኩዮች ነን።»

ፎቶውን ከመካከላቸው አስጠግታ ያዘችው። ጢሙ ገና ያላቆጠቆጠ ጎረምሳ! የልጅ ልጃቸው መሰለ። ዓይኗን ጨፍና ሽበት ልታበቅልለት፣ ጀርባውን ልታጎብጠው ሞከረች፤ እምቢ አላት። ለካ ያን ሁሉ ዘመን በሕልሟ የቤታቸውን ዳገት ሲወጣ የምታየው ይኸው ልጅ ነው። እሷ ስታረጅ እሱ አንድ ቀን እንኳ አላረጀም።

ወደ ግራው ዞረች። እዚያ ያሉት ሁሉ ልጆች ናቸው፤ ከት ብለው የሚስቁም አሉ። ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ የለቀቁለት መሰላት።

«ሃምሳ አለቃ... ከነዚህ ጋር ያድርጉት።»

ሃምሳ አለቃ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እቴነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ አፏን ስትከፍት ግን «ባሌን» ማለት አቃታት።

«ልጄን! ወይኔ ልጄን!» ብላ ጮኸች።